ስለ አረንጓዴዋ ካሬያችንና ስለ ቀረው አጎበር

ለተከበሩ የአውራጃው የሙቀት ካርታ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ከነቤተሰብዎና ከነሹራብዎ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ከብቶችዎ ይርቡ፤ በቅልዎ የሚረጋው ሙርሲክ፣ ያ የወተት እርጎ፣ አይጉደል፤ የደጋው ነፋስም ከቢሮዎ መስኮት አይራቅ። እኔ ጄላጋት ኪሳንግ እባላለሁ። በኬሪዮ ሸለቆ፣ ከገደሉ ግርጌ ባለው ትምህርት ቤት ለአራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩት፣ ከዚህ በፊት የላክኋቸው ወደ ቢሮዎ ሽቅብ ሲወጡ ደክሟቸው መንገድ ላይ ቀርተው ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። የአውራጃችንን አማካይ ዓመታዊ ሙቀት የሚያሳየው ካርታዎ በጤና ኬላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ደምቆ ይታያል። አገሩ በሙሉ እኩል በሆኑ ካሬዎች ተከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዷ ካሬ አንድ ቁጥርና አንድ ቀለም ተሰጥቷታል። የእኛዋ አረንጓዴ ስትሆን፣ የቀለሙ ትርጉም «ቀዝቃዛ፤ ለወባ የማያሰጋ» ይላል። በዚህች ቀለም ምክንያት ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ይመጣልን የነበረው አጎበር ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀርቶልናል። ሸክሙን ስላቃለሉልን እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አነሳለሁ።

አንደኛ፦ ካሬያችን እጅግ ሰፊ ናት። በአንድ በኩል ድንች የሚበቅልበትን፣ ሰው በቀትር እሳት የሚሞቅበትን ደጋ ትይዛለች፤ በሌላ በኩል እኛ ያለንበትን፣ ፍየል ገና በረፋዱ ጥላ የሚሻማበትን የማንጎ አገር ትይዛለች። ባለሙያዎችዎ የሁለቱን ሙቀት ደምረው ቢያካፍሉ ለሁሉም የሚስማማ አየር አገኙ። ስሌቱን አልነቅፍም፤ እኔም ልጆቹን የማስተምረው እንደዚሁ ነው። ችግሩ ያ የተባለው አየር የሚገኘው ገደሉ ወገብ ላይ፣ ቀጥ ያለው ድንጋይ ዘንድ መሆኑ ነው። እዚያ የሚኖሩት ዝንጀሮዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እስከ ዛሬ አጎበር አልጠየቁም። ለእኛ ለታቾቹ የደጋው ቅዝቃዜ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል።

ሁለተኛ፦ በሸለቆው ውስጥ አንድም የሙቀት መለኪያ የለም። ቅርብ የሚባለው ደጋው ከተማ ላይ ነው። ሆኖም በመለኪያዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከሩቅ በስሌት ስለሚሞላ፣ ማንም መጥቶ ሳያልበው የእኛ ላብ ታውቋል። እጄን በአፌ ጭኛለሁ።

ሦስተኛው በከፊል የራሳችን ጥፋት ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት የእኛ የማራክዌቶች መሬት ከላይ ከጫካው እስከ ታች እስከ ወንዙ ለየጎሳው እንደ መቀነት ተዘርግቶ የተከፈለ ነው፤ የአባት ቤት የሚባለውም ሁልጊዜ የላይኛው ነው። መዝጋቢዎችዎ መጥተው ቤታችን የት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ መንደሩ በሙሉ ሸለቆ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ጠቆመ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ገደሉን ወጥተው የማያውቁት አዛውንቱ ቼቢ ሳይቀሩ በምርኩዛቸው ደመናውን አሳዩ። በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ቤት የሚባለው አባቴ የተወለደበት ነው፤ ይሄማ መኝታ ነው» አሉኝ። በዚህ መልስ መሠረት ሸለቆው ሰው የማይኖርበት ሆኖ ተመዘገበ። ክቡር ሆይ፣ ትንኝ ግን የምትመጣው መኝታችን ድረስ ነው።

የልጄ የጄሮፕ ልጅ ኪማይዮ ባለፈው ዝናብ ማግስት ትኩሳት ያዘው። ለኬላችን የወባ መመርመሪያም መድኃኒትም መምጣቱ ቆሞ ስለነበር፣ እናቱ አዝላው ገደሉን ወጣች። ላይ ያገኘችው ሐኪም ከየት እንደመጣች ጠይቆ ያንኑ ካርታ ተመለከተና፣ «እዚያ ወባ የለም፤ ልጁን ብርድ መቶታል፤ ሹራብ አልብሺው» ብሎ የሳል ሽሮፕ ሰጣት። ሹራቡን አለበሰችው። ልጁ ከቀናት በኋላ ሲንቀጠቀጥ ራሱን ሳተ፤ ደሙ ተመርምሮ ወባ የተገኘበት ያኔ ነው። ተርፏል፤ ተመስገን። ዛሬ ግን ከኋላው ስጠራው አይዞርም፤ ፊት ለፊቱ ቆሜ ካልተናገርኩ አይሰማኝም። የአራት ዓመት ልጅ ነው። ተናድጃለሁ፤ ይህንን በጨዋ አማካይ ቃል የምገልጽበት ስሌት አጣሁ።

ጄሮፕ አሁን ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደው ትልቁ ዝናብ ሲገባ ነው። ስለዚህ ካሬዋ ተቆራርጣ ሸለቆው የራሱን ቀለም እንዲያገኝ፣ በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ መለኪያ እንዲተከልና ከሁሉ በፊት ዝናቡ ሳይቀድም አጎበሩ እንዲመለስልን ወደ ቢሮዎ ስልክ ደውዬ ነበር። ያነሳው ወጣት ባልደረባዎ እጅግ ጨዋ ነው። «እማማ፣ መረጃው ዓለም አቀፍ ነው፤ እኛ ካሬ አንቆርጥም» አለኝ፤ ቀጥሎም ሙቀቱ ከበዛብን ትንሽ ከፍ እንድንል መከረኝ።

አራተኛ ብዬ የጻፍኩትን ሰርዤዋለሁ፤ እዚያ ላይ ትሕትናዬ አልቆ ነበር።

በቀለምዎ ጥላ ሥር የምንኖር የማንኖር ሰዎችን ሁሉ ወክዬ፣ ለሥራዎ ያለኝን ወደር የለሽ አድናቆት ደግሜ እየገለጽኩ፣ በአማካይ ደኅና የሆንኩት

ታዛዥዎ
ጄላጋት ኪሳንግ
ከሸለቆው ወለል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ካርታውን በቦታው እንዲያረጋግጡ እርስዎ የላኳቸው ባለሙያ በጤና ኬላችን የእንግዳ ክፍል አድረው፣ ጠዋት «የወባ ስጋት የለም» ብለው ፈርመው ወጥተዋል። ሲጣደፉ ግን ከከተማ ይዘውት መጥተው ከአልጋቸው በላይ የሰቀሉትን አጎበር ረስተውታል። አሁን ጄሮፕና ኪማይዮ ይተኙበታል። የመንግሥት ንብረት ነውና እንዲመለስ ከፈለጉ ራስዎ መጥተው ሊወስዱት ይችላሉ፤ ብቻ ሳይመሽ ይምጡ። ከመሸብዎ እርስዎን የምናስተኛበት ሌላ አጎበር የለንም።