የሩቋ ፕላኔት አየርና የታሸገው የመልስ ቁልፍ

ለተከበሩ የፈተናዎች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑና አሳንሰሩም እርስዎን አድርሶ ሲያበቃ የሚያርፍ በመሆኑ፣ ደረጃውን ስወጣ በየፎቁ ቆሜ ለጤናዎ የምመኝበት በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ። ሳንባዎ ንጹሕ አየር አይጣ፤ አየር መኖሩንም ተንፍሰው እንጂ ከመልስ ቁልፍ አንብበው የሚያውቁ አያድርግዎ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ልጅ ልጄ ነው። ልጅቷ በዘንድሮው የመግቢያ ፈተና የሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመግባት ከሚጠየቀው ውጤት በአንድ ጥያቄ ጎደለች። የጎደለችባት ጥያቄ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ናት፤ ቁጥር ሠላሳ ሰባትን ደግሞ ልጅቷ በትክክል መልሳታለች። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሰኞ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ ያም ልጅ ምንም አላጠፋም። በቅሬታ መስኮት ጠይቄ፣ በጽሑፍ ጠይቄ፣ ደጅ ጠንቼ መፍትሔ ስላጣሁ፣ አሁን በአደባባይ እጠይቅዎታለሁ። ለማረም እንዲመችዎ ስሞታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ጥያቄው። አንባቢ እንዳይቸገር ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«በጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ፣ አንዲት ትንሽ ፕላኔት በአንድ ትንሽ ቀይ ኮከብ ፊት ስታልፍ ሁለት ጊዜ ተመለከተ። የውሃ እንፋሎት በሚውጠው የብርሃን ዓይነት ላይ የኮከቡ ብርሃን ትንሽ ይበልጥ መቀነሱንም መዘገበ። በፕላኔቷ አየር ውስጥ ምን አለ? ሀ. የውሃ እንፋሎት፤ ለ. ሚቴን፤ ሐ. ፕላኔቷ አየር የላትም፤ መ. በዚህ መረጃ ብቻ ማወቅ አይቻልም።»

የጽሕፈት ቤትዎ ቁልፍ «ሀ» ይላል። ልጅቷ ያጠቆረችው «መ»ን ነው።

ክቡርነትዎ፣ ያቺን ፕላኔት በዓይኑ ያየ ሰው የለም። የሚታየው የኮከቧ ብርሃን ብቻ ነው፤ ፕላኔቷ በፊቱ ስታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ አየር ካላት ደግሞ ጠርዟን ታክኮ የሚያልፈው ብርሃን የአየሩን አሻራ ይዞ ይመጣል። ችግሩ ኮከቡ ራሱ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። እነዚህ ትናንሽ ቀያይ ከዋክብት ፊታቸው ማዲያት አለው፤ ማዲያቱ ከቀረው ገጻቸው ቀዝቀዝ ስለሚል እዚያው ኮከቡ ላይ የውሃ እንፋሎት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ብቻ ታይቶ የተገኘ የውሃ ምልክት የፕላኔቷ ይሁን የኮከቡ፣ ጠፈር ላይ ቴሌስኮፕ የሰቀሉት ሰዎች እንኳ ደፍረው አይናገሩም። ደግመው ያያሉ፣ ሠልሰው ያያሉ፣ ከዚያም «ገና ነው» ይላሉ። የእርስዎ ኮሚቴ ግን ቴሌስኮፕ ሳያስፈልገው፣ ከስብሰባ አዳራሽ ሳይወጣ ውሃውን አግኝቶታል። ለዚህ ፍጥነቱ ምስጋናዬ ይድረሰው።

የበለጠ የማመሰግነው ግን «መ»ን በመጻፉ ነው። «ማወቅ አይቻልም» የሚለው አማራጭ ከሰማይ አልወረደም፤ ከኮሚቴው አባላት አንዱ አስቦ ጽፎታል። እንግዲህ እውነቱን የሚያውቅ ሰው በመካከላችሁ ነበረ ማለት ነው፤ እውነቱንም አውጥታችሁ ለማሳሳቻነት ተጠቀማችሁበት። በማስተማር ባሳለፍኩት ዘመን ብዙ ማሳሳቻ አማራጭ አይቻለሁ፤ ትክክለኛውን መልስ ለማሳሳቻነት የመደበ ግን አላጋጠመኝም።

፪ኛ፤ ልጅቷ ገምታ ነው ይሉ ይሆናል። አልገመተችም። ባለፈው ዓመት ስለ ኮከብ ማዲያት አንብባ አልገባት ሲል፣ መጋረጃ ዘግተን በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ሠርተን አይተነዋል። አንድ አምፖል አበራን፤ ከእናቷ የጥፍር ቀለም ጥቂት ሰርቃ በአምፖሉ አንድ ጎን ላይ ቀይ ማዲያት ቀባችበት፤ አንዲት ሽምብራ በክር አስራ ባልተቀባው በኩል በዝግታ አሳለፈቻት፤ እኔ በስልኳ የብርሃን መለኪያ እያነበብኩ ጻፍኩ። አንድ ጊዜ በሰማያዊ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ፣ አንድ ጊዜ በቀይ። ሽምብራዋ በሰማያዊ ስትታይ ከቀዩ ተለቅ ብላ ተገኘች። ማዲያቱ ሰማያዊውን ብርሃን ስለዋጠው፣ ከተረፈው ላይ ሽምብራዋ የምትጋርደው ድርሻ በዛ እንጂ እሷስ ያው ሽምብራ ናት።

ልጅቷ ቁጥሮቹን አየት አድርጋ፣ «እምዬ፣ ሽምብራዋ አየር አላት» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች። በጽሕፈት ቤትዎ ቁልፍ ከሄድን በእርግጥም አላት። ማታ ከሽምብራ ጓደኞቿ ጋር ቀቅለን በላናት፤ ነዋሪዎች ኖረዋት ከሆነ ይቅር ይበሉን።

ፈተናው ላይ ቁጥር ሠላሳ ሰባትን ስታነብ ያስታወሰችው ያንን ሣቅ ነው። ደስ ብሏት ነው ያጠቆረችው፤ ከሁሉ ይልቅ እርግጠኛ የነበረችው በዚህች ጥያቄ እንደነበር ነግራኛለች።

፫ኛ፤ ስለ ቅሬታ መስኮቱ። እዚያ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛዎ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀምጦኛል፤ የመልስ ወረቀቷንም አውጥቶ አሳይቶኛል። ጉዳዩን በዝርዝር ካስረዳሁት በኋላ፣ «እማማ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን አበዛችው። ጥያቄው ውስጥ ውሃ የሚል ቃል አለ፣ አማራጩ ላይ ውሃ የሚል ቃል አለ። ምን አስጨነቃት?» አለኝ። ከኮሚቴው ማብራሪያ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ነው።

የእኔ ቃል ካልበቃ የባለሙያ ቃል ላምጣ ብዬ፣ ሥራዋ ከእነዚህ ቴሌስኮፖች የሚመጣውን ብርሃን መተንተን ለሆነች ተመራማሪ ጻፍኩላት። የማታውቀኝ ሴት ናት፤ ሳትውል ሳታድር መለሰችልኝ። «የልጅቷ መልስ ትክክል ነው። እኛም ስለ እንዲህ ያለች ፕላኔት ስንጽፍ የምንጽፈው ይህንኑ ነው። ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ እኛ ትምጣ፤ አላውቅም የሚል ሰው በጣም ያስፈልገናል» ትላለች። ይህን አትሜ ይዤ ደረጃውን እንደገና ወጣሁ። ሠራተኛዎ አገላብጦ አየውና፣ «ማኅተም የለውም» አለኝ። በኢሜይል የመጣ ነው አልኩት። «ታዲያ አስመትተሽ አምጪዋ፣ እማማ።» ክቡርነትዎ፣ ማኅተም ከሌለው እውቀት እንዲህ ስለጠበቁን ባለውለታችን ነዎት። ምናልባት ፕላኔቷም በማኅተም ካልቀረበች በስተቀር ስለ አየሯ የምትለው አይሰማ ይሆናል።

፬ኛ፤ የጽሑፍ ማመልከቻዬ መልስ ደርሶኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የመልስ ቁልፉ በባለሙያዎች ኮሚቴ ተዘጋጅቶ የጸደቀና የታሸገ በመሆኑ ሊለወጥ የማይችል መሆኑን እንገልጻለን።» እንደ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነበብኩት። የቋንቋ ስሕተት የለበትም። ሆኖም መልሱ ትክክል ነው የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁበት። ታሽጓል ይላል እንጂ ትክክል ነው አይልም። ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ «ጥያቄውን አልመለስክም» ብዬ ከግርጌው እጽፍበት ነበር፤ ለእርስዎ ግን በአክብሮት አልፌዋለሁ።

፭ኛው ስሞታ የደረሰው እቤቴ ውስጥ ነው፤ ሆኖም የጽሕፈት ቤትዎ ሥራ ስለሆነ ያለ እርስዎ ፈቃድ እጨምረዋለሁ።

የልጅቷ እናት፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ደብዳቤያችሁ የመጣ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፦ «እማዬ፣ ልጄን ያበላሸሻት አንቺ ነሽ። አላውቅም ማለት አስተማርሻት። እስቲ አላውቅም ብሎ የተሾመ አንድ ሰው አሳዪኝ?»

እኔም፣ አንቺስ የሐኪሙ ጽሑፍ አልነበብ ሲልሽ ገምተሽ ትሰጫለሽ ወይስ ደውለሽ ትጠይቂያለሽ አልኳት።

«እሱ መድኃኒት ነው» አለችኝ፤ «ይሄ ፈተና ነው።»

ክቡርነትዎ፣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማን ነበር። ሁለታችንንም አየችንና ወደ ክፍሏ ገባች። ይህች ልጅ ገና አፍ ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «ለምን» እያለች እንቅልፍ የነሳችን ናት። ቧንቧ ሊጠግን የመጣውን ሰው ስለ ውሃ ግፊት አፋጥጣ፣ «ይቺን ልጅ ያዙልኝ፣ ሥራ ልሥራበት» አሰኝታዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ምንም አትጠይቀኝም። ሳህን ታጥባለች፣ አልጋዋን ታነጥፋለች፣ «እሺ እምዬ» ትላለች። እናቷ «ተመስገን፣ አደብ ገዛች» ትለኛለች፤ ይህን ስትል ድምጿ ግን ያስፈራኛል፤ እሷም ፈርታለች።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ። እኔ ለተማሪ የማይገባውን ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለልጅ ልጄም አልለምንም። «ሀ» ያሉት ልጆች ነጥባቸው ይቅርላቸው፤ የተጻፈላቸውን ወጥመድ አልሠሩትም። «መ»ም ትቆጠርልን። ይህ ካልተቻለ ጥያቄዋ በሙሉ ትሰረዝ። ይህም ካልተቻለ፣ እና እንደማይቻል ደረጃው አስተምሮኛል፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። እባክዎ ልጅቷን አስጠርተው «መልስሽ ትክክል ነበር፤ እኛ ግን አናስተካክለውም» ይበሏት። ቦታው ይቅር። አዳሪ ትምህርት ቤቱም ይቅር። ማኅተም አያስፈልገውም፣ ኮሚቴም አይጠራበት፤ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ይህን ከእርስዎ አፍ ትስማ። ከእኔ ስትሰማው የአያት ማባበያ መስሏት ፈገግ ትልልኛለች፤ ያንን ፈገግታ ደግሞ ከእንግዲህ ማየት አልችልም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ቁልፍዎ እንዳይዝግ፣ አሳንሰሩም ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ጉልበታቸው ለደከመ ሁሉ እንዲታዘዝ እየተመኘሁ፣ ለመላው የኮሚቴ አባላት፣ በተለይም «መ»ን ለጻፈው ለዚያ ዝምተኛ ሰው የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የእርስዎው ታዛዥ፣
የተፈታኟ አያት፣ ጡረተኛ የፊዚክስ መምህርት

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ልጅቷ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ለመጪው ዓመት ድጋሚ ፈተና እንዳለማምዳት ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ፤ ቶሎ ብዬ አንድ ጥያቄ አዘጋጀሁላት፦ ቴሌስኮፑ አሁን ሌላ ፕላኔት አይቷል፤ ያየው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እዚያ አየር አለ ወይ? «ሀ» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። «እነሱ የሚፈልጉት እሱን ነው፣ እምዬ።» ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ጽሕፈት ቤትዎ እኔ በዓመታት ያልቻልኩትን በአንድ ጥያቄ ስላስተማራት እንኳን ደስ ያለዎት፤ አማራጮቹን ገና አላነበብኩላትም ነበር።