የአጥቂው ጉልበት

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ቀኑን ሙሉ በረዶ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ክሊኒኩ ጭር ብሏል… ፍሮንት ዴስክ ላይ እኔና ሔራን ብቻ። ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ጀርመናዊ ለጉልበቱ ኤምአርአይ መጣ። ዮርን ይባላል። የእግር ኳስ አጥቂ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት አገሩ ተጫውቶ አሁን እዚህ አንድ ክለብ ሊያስፈርመው ነው። ሔራን አብራው ሰልፊ ተነሳች።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ውጤቱን ፕሪንት ሳደርግ አነበብኩት። ምን አገባኝ? ራት ላይ ለዕዝራ ነገርኩት። ወንድሜ ኳስ ከተባለ ነፍሱን አያውቅም… አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ።

"ቀኝ ጉልበቱ አልቆለታል" አልኩት።

"በናትሽ! እውነትሽን ነው?"

"ለማንም እንዳትናገር።"

"ለማን እናገራለሁ?"

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

ወጣ። ዕዝራ የኳስ ጓደኞቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈው፤ ከነሱ አንዱ በእንግሊዝኛ ለጠፈው። አሁን የስፖርት ገጹ ሁሉ እሱኑ ያወራል። ክለቡም አላስፈርምም አለ። ዕዝራ ላይ ጮህኩበት። ግን መጀመሪያ አፉን የከፈተ ማን ሆነና…

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 16

ማኔጀሯ ሰበሰበችን። ሰልፊው የሔራን ስልክ ላይ ተገኘ። ወሬውን ያወጣችው እሷ ናት ተብላ ታገደች።

ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ "ሰርኬ፣ አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ አይደል?" አለችኝ።

"አምንሻለሁ" አልኳት። አቀፈችኝ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 18

ቸርች ሄጄ መዘመር አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ዮርን ምስሎቹን ሊወስድ መጣ። ሲዲውን ሰጠሁት፣ አመስግኖኝ ወጣ። ያቺ ምስጋና… ጃኬት እንኳ ሳልለብስ ፓርኪንግ ድረስ ተከተልኩት።

"ለወንድሜ የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

ይሰድበኛል ብዬ ነበር።

"ጉልበቴ ማለቁን ጠርጥሬ ነበር" አለ። "ክለቡም በራሱ ምርመራ ያገኘው ነበር። አባቴ ግን… ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ጨዋታዬ አምልጦት አያውቅም። በቃ፣ አቆምኩ ብዬ እኔ ልነግረው ነበር። ስልኩ ላይ አነበበው። ደውሎ 'ለምን ደበቅከኝ?' አለኝ።"

ይቅርታ አልኩት። የመኪናውን በር ከፍቶ ተቀመጠና ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባው።

ከዚያው ማኔጀሯ ቢሮ ገባሁ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 23

ተባረርኩ። ሔራን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሦስቴ ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ማታ ቴክስት አደረገችልኝ፦ "አቅፌሽ ነበር እኮ።" ሌላ ምንም የለውም።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

ዕዝራ፣ "ለአባዬ ክሊኒኩ ሠራተኛ ቀንሶ ነው እንበላቸው" አለኝ። እምቢ አልኩ። ብቻዬን ሪቨርዴል ፓርክ፣ አባዬ ቤት ሄድኩ።

"በሥራ ቀን ምን እግር ጣለሽ?" አሉኝ አባዬ።

ከሰው ሳይሰሙ ልቅደም ብዬ ነው… ራት ላይ ካወራሁት ጀምሮ ሔራን እስካቀፈችኝ ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ።

"ተነሺ።"

"ወዴት፣ አባዬ?"

"ልጅቷ ቤት። አንቺ ታንኳኪያለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።"

ዊተን፣ የሔራን አፓርትመንት። አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተች። እዚያው በሩ ላይ መናገር ጀመርኩ፤ አባዬን ተገን ሳላደርግ፣ የዕዝራን ስም ሳልጠራ። ግቢ አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። መሀል ላይ ወደ ውስጥ ገባች… በቃ፣ አለቀ አልኩ። ወንበር ይዛ ወጣችና ለአባዬ አስቀመጠችላቸው።

እኔ ቆሜ ጨረስኩ።