ዓይን ዓይናቸውን ያየችው እህቴ

ማስቱዬ፣

ካርዱ ላይ ያለው የደብረ ታቦር ተራራ እውነትም ያምራል፤ እኔ ግን ንድድ ብሎኛል።

እህቴ ትእዛዝ የሥራ ሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ነበር። ዛሬ ስለ ገብስ ዘር ያጠናችውን በመሥሪያ ቤቷ አዳራሽ አቅርባ ካለፈች ቋሚ ትሆናለች ተብሎ ነበር። ድፍረት እንዲሆናት ከኋላ ተቀመጥኩ። አለቃዋ አቶ ደሞዜ ባለፈው ሳምንት የንግግር ሥልጠና ሲሰጡ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ «አድማጫችሁን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ተናገሩ» ብለው ነበር። እሷም አመነቻቸው። ቀና ብላ አዳራሹን እያየች ስታስረዳ ዓይኗ እሳቸው ጋ ደረሰ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ላይ ነው እንዲህ የምታፈጪው?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን?» አለች ቀስ ብላ።

«እሱ እርስ በርሳችሁ ስትነጋገሩ ነው። ታላቅ ፊት አንገት ይደፋል።»

እኛ አዳማ ቢሆን ቢያንስ አንዱ ከኋላ ያጉረመርም ነበር። እዚህ ሁሉም የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ። ትእዛዝ አንገቷን ደፍታ የቀረውን ለወለሉ ነገረችው። ስትጨርስ ሰውየው ተነሥተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሥራዋ ጥሩ ነው፤ የሚጎድላት በራስ መተማመን ነው። ሙከራዋ ይራዘም።» ተጨበጨበላቸው።

ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ የሰጡኝ ሹራብ ከዚህ ብርድ አድኖኛል በያቸው። አንቺም ናፍቀሽኛል።

የአቶ ደሞዜን ፎቶ ከመሥሪያ ቤቱ ካላንደር ቆርጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌላታለሁ። አሁን ዓይን ዓይናቸውን እያየች ከመጀመሪያው እያቀረበች ነው፤ እስካሁን አልተቆጧትም።

እመቤት