ርካሽ ወይራ ከየት ይገኛል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሙሐመድአሚን፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ እንዴት ነው? ዛሬም ስትነዳ ውለህ ከመኪናው ስትወርድ በሩን ይዘህ ነው ቀጥ የምትለው? ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ያልከውስ እንዴት ሆነ? እንቅልፍህስ? ምግብህስ? ያ አብሮህ የሚያድረው የወግዲ ልጅ አሁንም ሩዙን እያሳረረ ያበላሃል? አሠሪህ ከፊሉስ ፊቱ ተፈታ? ጅዳ በረድ ብላ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። እኔ እንኳ ያንን ሙቀት ሳስበው እዚህ መካነ ሰላም ብርድ ላይ ቁጭ ብዬ ያልበኛል።

ስለኛ ብትጠይቅ በሕይወት አለን። አባየ አሉ፣ ባለቤቴ ሃሩን አለ፣ ልጄ ኡምኩልሱም አንደኛ ክፍል ገብታ ግድግዳውን ሁሉ በከሰል ሀ ሁ ሞልታዋለች። ጤፉም ታጭዶ ክምር ላይ ነው። ደህና ነን ብዬ ደብዳቤውን ብዘጋው ደስ ባለኝ። ግን ደህና ስላልሆንን ነው የምጽፍልህ። አብሽር፣ የታመመ የለም፣ የሞተም የለም። ጥፋት ግን አለ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ስልኩ የአባየ ነው። ዓርብ ዓርብ ስትደውል ድምፁን ከፍ አድርገው መሀል ቤት ይቀመጣሉ፣ ሁላችንም እንሰማለን። እሳቸው ባሉበት ይህን የማወራበት አፍ የለኝም። ለዑምራ የሚመጡ የመስጊዳችን ሰው ስላገኘሁ በእጃቸው ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ አንተ ከላክህልን ምድጃ ነው። አምና ኅዳር አንተ ካለህበት አገር ተጠርዤ በአንድ ሻንጣ ስገባ፣ እንደ ሰው ያቆምከኝ አንተ ነህ። ከፊልህ አዲስ ገዝቶ የጣለውን የስጋ ምድጃ ከአራት ጆንያ ማገዶ ጋር በጭነት ላክህልን። ሃሩን ስጋ ልንሸጥበት መናኸሪያው በር ላይ ካለው ቤታችን ደጅ ሲተክለው ከተማው ሁሉ ሊያይ ወጣ። እንጨት እንደ ጥራጥሬ የሚበላ ምድጃ ማን አይቶ ያውቃል? ማገዶው ተጨምቆ የተሠራ እንክብል፣ መልኩ የፍየል በጠጥ። ከላይ ታፈሰዋለህ፣ ከውስጥ ያለው ጠምዛዛ ብረት በመብራት እየዞረ ትንሽ ትንሹን ወደ እሳቱ ይገፋዋል፣ ስጋው ቀስ ብሎ በጭሱ ይበስላል። የበጉ ጎድን ሲወጣ ስጋው አጥንቱን እየለቀቀ ነበር። ለምን ይዋሻል፣ አላህ ከፍቶልን ነበር።

ግንቦት ላይ አራቱም ጆንያ አለቀ። አዲስ አበባ አስጠየቅን፣ እንዲህ ያለ ማገዶ የሚያውቅ ሰው የለም። ካንተ ይላክ ብንል ማጓጓዣው ከበጉ በለጠ። ስለዚህ ራሳችን መሥራት ጀመርን። ከአናጢዎች ሰጋቱራ እየሰበሰብን፣ በዱቄት ሙቅ ለውሰን፣ በአሮጌ የስጋ መፍጫ እያሳለፍን በፀሐይ ማድረቅ ነው። መጀመሪያ እየፈረሰ ምድጃውን አፈነው፤ ሙቁን ስናወፍረው ያዘ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ የየትኛው እንጨት ይሁን የሚለው ነው። እዚህ አገር ሰጋቱራ ማለት ባሕር ዛፍ ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ እንደ ልብም ይገኛል፣ ስጋው ግን ጉንፋን የያዘው ሰው የታጠነበት ቤት ሸተተ። አንድ ሹፌር አንዴ ጎረሰና ምሳ እንጂ መድኃኒት አላዘዝኩም ብሎ ተነሣ። ጥድ ሞከርን፤ ጥላሸቱ ስጋውን አጠቆረው፣ ምላስ ላይም ይመራል። የወግዲ ቆላ ግራር ጥሩ ነበር፤ እሳቱ ንጹህ፣ አመዱ ትንሽ። ምን ያደርጋል፣ ከዚያ ድረስ በመኪና ሲመጣ ትርፋችንን ጠራርጎ ይበላዋል። ሃሩን «ሚስት መምረጥ ይሻላል፣ አንዴ ተሳስቶ ዝም ነው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ጾሙ እንደተፈታ፣ ይርዳው መጣ። ካንተ ጋር አንድ ክፍል የተማረው አናጢው ይርዳው ነው። አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ተሸክሞ ወይራ ነው አለኝ። አፈስ አድርጌ አሸተትኩት፣ እውነትም ወይራ። ዋጋው ከባሕር ዛፉ ብዙም አይርቅም። ወንድም ጋሼ፣ ከየት አመጣኸው አላልኩትም። ዕቃ ስገዛ አሥር ጊዜ የምጠይቅ፣ ሽንኩርት ሻጭ የምታማርረኝ ሴት፣ ያን ቀን አፌ ተዘጋ። ርካሽ ነበረና እንዳይወደድብኝ ፈራሁ መሰለኝ። ሰጋቱራ ሲሆን ደግሞ ዛፍ መልክ የለውም፣ የማን ጥላ እንደነበረ አይነግርህም።

ጎረቤታችንን እትየ አልታየችን ታውቃቸዋለህ፣ የቄስ ቃለ ክርስቶስን ባለቤት። የእስላም ስጋ አልበላ እንጂ ጭሱን ማን ይከለክለኛል እያሉ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ይስቁ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳቃቸውን ተዉና «ፈርሂያ፣ ርካሽ ወይራ ከየት ይገኛል? እኛ ዘንድ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ እናንተ ዘንድ ከመቃብር በቀር ወይራ የት ቀረ?» አሉኝ። ቀኑብኝ አልኩ በሆዴ። እንጀራችን ቀና ሲል ዓይን በዛብን ብዬ ለሃሩንም ነገርኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለወዳጅ ምክር የሰጠሁት ስም ይህ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ። አባየ እማየ ካረፈች ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ምግብ ፊታቸው ሲቀርብ እንደ ሥራ ነበር የሚያዩት፤ አንተም በስልክ በሉ በሉ ስትላቸው ነው የኖርክ። በወይራው የበሰለውን የመጀመሪያውን ጎድን ሰጠኋቸው። ጎረሱ፣ ቆም አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሄ የእናትሽን እርጎ ይሸታል» አሉኝ። ትዝ ይልህ የለ፣ እማየ የወተቱን ቅል በወይራ ጭስ ሳታጥን ወተት አታስገባበትም ነበር። አጥንቱን ድረስ ጋጡት፣ ጨምሪልኝ አሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። ቀብሯ ላይ ያልነበርኩ ልጅ፣ በሰው አገር የሰው ልብስ ስተኩስ ሞቷን የሰማሁ ልጅ፣ ለአባቴ የእናቴን ሽታ መለስኩለት ብዬ። በማግስቱ ይርዳውን ጨምርልኝ አልኩት። አመጣ። እንደገና ጨምርልኝ አልኩት። ነሐሴን በሙሉ ጨምርልኝ ስለው ከረምኩ።

አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ጆንያ እየለወስኩ መፍጫው ቀጭ ብሎ ቆመ። ፈትቼ ባየው ምስማር ነው። ጆንያውን ዘርግፌ በእጄ ስፈልግ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ አገኘሁ፣ አረንጓዴ ቀለም ያለበት። «የሻ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ተቆርጧል። ወንድም ጋሼ፣ ጽሑፉ የአንተ ነው። ለለቅሶዋ መጥተህ የእማየን ስም የሻለም ብለህ ጽፈህ ከመቃብሯ ራስጌ ያለችው ወይራ ላይ የመታኸው ቆርቆሮ ነው።

ሴት መቃብር መመላለሷ አይወደድምና ከመጣሁ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሄድኩት። ያን ቀን ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ሄድኩ። ወይራዋ የለችም። ጉቶዋ ብቻ እንደ በርጩማ ቁጭ ብሏል፣ ፀሐዩ ቀጥታ እማየ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ይርዳው ዘንድ ሄጄ ጮኽኩበት። አልተቆጣም፣ እንዲያውም ደነገጠ። መጀመሪያ ነፋስ የሰበረውን ቅርንጫፍ ነው የሰጠሁሽ፤ ጨምር ጨምር ስትይኝ ከየት ላምጣ፣ የቆመችውን ቆረጥኳት አለ። ቆርቆሮው ከቅርፊቱ ጋር ተፈልጦ ሲወድቅ እንዳላየውም ማለ። በማን ፈቃድ አልኩት። የመለሰልኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ከየት ነው ብለሽ አንድ ቀን እንኳ ስላልጠየቅሽኝ፣ የምታውቂ መስሎኝ።»

እሱን ምን ልበለው? መጋዙ የእሱ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ።

ቆርቆሮውን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ለሃሩን ብቻ ነገርኩት፣ ለአባየ ዝም አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከመስጊድ አልፈው አልሄዱም ነበርና፣ ቢያንስ በዓሉ ይለፍ ብዬ ነው። የአረፋ ዕለት ከሶላት መልስ መቃብሯ ሄጄ እናትሽን ዚያራ ላድርግ አሉ። ጭቃ ነው፣ ጉልበትዎን ያምዎታል፣ ነገ ሃሩን ያደርስዎታል፣ ያላልኩት የለም። ከዘራቸውን አንሥተው ኡምኩልሱምን እጇን ይዘው ሄዱ። እኔ ደግሞ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ በዚያው ማገዶ ስጋ መጥበስ ቀጠልኩ፤ እንግዳ ነበረብን።

ተመልሰው ሲመጡ ልጅቷ ቀድማ ሮጣ ገባችና የአያቴ ዛፍ የለችም አለችኝ። አባየ ከኋላዋ ገቡ። ምድጃውን አዩት፣ ጆንያውን አዩት፣ እጃቸውን ከተው ከሰጋቱራው አነሡና አሸተቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ፣ ይመታኝ ነበር። እሳቸው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ለካ ስበላ የከረምኩት ጥላዋን ነው።» ከዚያ እንግዶቹን በዓላችሁን ቀጥሉ ብለው ሰላም አሉና አልጋቸው ላይ ገብተው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ አውፍ በሉኝ አልኩ። አውፍ ብያለሁ አሉ። አፋቸው ብሏል፣ እኔ ግን አውቃቸዋለሁ። ስምንት ሳምንት ሆነው፣ ስጋ የሚባል አፋቸው አልገባም። ውሃ ሲጠማቸው ለኡምኩልሱም ነው እናትሽን በያት የሚሉት። ምድጃውን ከአረፋ ማግስት ጀምሮ በሸራ ሸፍነነዋል። ሃሩን በግራር እንጀምረው፣ ትርፉም ይቅርብን፣ ቤት መኖር አለበት ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ግን ያንን ክዳን ለመክፈት እጄ አይታዘዘኝም። የጉቶውን ዙሪያ ሃሩን በእሾህ አጥሮታል። ወይራ ያቆጠቁጣል ይላሉ፤ የሰው አፍ ትቼ በየሳምንቱ እየሄድኩ አያለሁ፣ እስከ ትናንት ድረስ ምንም የለም።

ይህን ሁሉ ችዬ ዝም ባልኩ፣ ጥፋቴን ታቅፌ በኖርኩ ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ከአረፋ በኋላ ባለው ዓርብ ስትደውል፣ እንደ ልማድህ መጨረሻ ላይ የእማየ ወይራ እንዴት ናት አልካቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አባየ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ደህና ናት አሉህ፣ ክረምቱን ጠጥታ አረንጓዴ ሆናለች፣ ጥላዋ ሰፍቷል። በሚቀጥለውም ዓርብ እንደዚያው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ወፍ ሰፍሮባታል ብለው ሲጨምሩልህ ሰማሁ፣ አንተ ሳቅህ። በሬ ሲሸጡ እንኳ ይሄ ይዋጋል፣ ይሄ ያነክሳል ብለው ነውሩን አስቀድመው የሚናገሩ አባታችን፣ በሰባ ስንት ዓመታቸው በእኔ ምክንያት ውሸት ተማሩ። ስልኩን ሲዘጉ ውዱእ ያደርጉና ሶላቱ በጣም ይረዝምባቸዋል። የሚዋሹት ለእኔ ብለው ይሁን፣ እዚያ ብቻህን ሆነህ እንዳትሰበር ለአንተ ብለው ይሁን፣ አላውቅም። ለመጠየቅም ፊት የለኝም።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አውቃለሁ። ልትረግመኝ ብትፈልግ እርገመኝ፣ ምድጃውን ሽጪው ብትለኝ ነገ እሸጠዋለሁ። ቆርቆሮዋን አጥቤ ለዚሁ ሰው ሰጥቼልሃለሁ፣ ከደብዳቤው ጋር ትደርስሃለች። ያንተ እጅ የጻፈው ነገር እኔ ጋ መቀመጥ የለበትም ብዬ ነው።

ሃሩን ሰላም ብሎሃል፤ በጸጸት ግማሽ ሆኗል፣ እሱ ግን ምንም አላጠፋም። ኡምኩልሱም አጎቴን ሳሚልኝ ትላለች፣ ሀ ሁዋንም በደብዳቤው ጀርባ ላይ ጽፋልሃለች። እትየ አልታየች ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጥተው አብረውኝ ይቀመጣሉ። አብሮህ ላለው ልጅ፣ ለአገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባየ ደብዳቤ መጻፌን አያውቁም፣ ቢያውቁ ዱዓቸውን ይልኩልህ ነበር፤ እንደላኩልህ ቁጠረው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ዓርብ ስትደውል ስለ ጉልበታቸው ጠይቃቸው፣ ስለ ጤፉ ጠይቃቸው፣ ስለ እኔም ከፈለግህ ክፉውን ጠይቃቸው። ስለ ወይራዋ ግን አትጠይቃቸው።

ጥፋተኛ እኅትህ ፈርሂያ

መካነ ሰላም
ኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.