የሜዳ አህያዋ ጋደም እንድትል ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ አቶ ተድላ
የጥላ ደን የእንስሳት ማቆያ ሥራ አስኪያጅ
ቦንጋ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ቢሮዎ ውስጥ የተነጠፈው አዲሱ ምንጣፍ እንዴት ከርማችኋል? እኔ አፀደ ባፈና፣ ከማንኪራ ቡና በበቅሎ እያመጣሁ የምሸጥ፣ ከማቆያው አጥር ጀርባ የምኖር ጎረቤትዎ፣ ከዝናቡ በቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ሚስጥር ስለምትባለው የሜዳ አህያ ነው። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ልብ ላይሉት ይችላሉ እንጂ፣ ጓደኛዋ ባለፈው ክረምት ከሞተች ወዲህ ብቻዋን ናት። ተንከባካቢዋ ኢሳያስ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ የሜዳ አህያ ተዝናንታ ጋደም የምትለው ሌላው ቆሞ ሲጠብቅላት ነው፤ ጠባቂ ካጣች ቆማ ታሸልባለች። ሚስጥርም ወራቱን እንዲሁ ቆማ ከረመች። በኋላ በቅሎዬን ዳማን አጥሩ ሥር ሳስረው እሱ ጆሮውን አቁሞ ቆመ፣ እሷም መጥታ አጠገቡ ተጋደመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከገበያ ስመለስ እዚያው አስረው ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ወለሉ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሚስጥር አፈር ላይ የምትንከባለለው ዝንቡንና ተባዩን ለማራገፍ ነው ብለን እኛ ያልተማርነው ስናስብ፣ እርስዎ ግን እንግዳ ፊት መቆሸሽ የሥነ ምግባር ጉድለት መሆኑን ተረድተው ግቢዋን ሲሚንቶ አስለበሱላት። እነሆ አሁን ንጹሕ ናት፤ በዝናብ ጊዜ እንደ ሰካራም ከመንሸራተቷና ሰኮናዋ ከመሰነጣጠቁ በቀር ምንም አልጎደለባትም።

ሁለተኛ፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች የመጡ ዕለት ሚስጥር እግሯን ዘርግታ ተኝታ በመገኘቷ የደረሰብዎ ኀፍረት እኔንም አሳፍሮኛል። ከዚያ በኋላ የጠሩት ስብሰባ ግን ደነቀኝ። ኢሳያስ እንደነገረኝ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ "በሥራ ሰዓት መተኛት" ተብሎ ተጽፏል፤ መንስኤውም ተጣርቶ ስንፍናውን ያስተማራት የእኔ በቅሎ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ዳማ በየሳምንቱ ከማንኪራ ቡና ተሸክሞ ይመጣል፤ ሰነፍ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ለነገሩ በስብሰባው ላይ ስላልተጠራ ራሱን አልተከላከለም።

በሦስት ቀን ውስጥ በቅሎዬን ከአጥሩ እንዳርቅ የሚያዘው ባለ ማኅተም ደብዳቤ ደርሶኝ ፈጽሜያለሁ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ሚስጥር ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጋደም አላለችም። ትናንት ጉልበቷ ከድቷት ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፣ ወዲያውም ደንግጣ ተነሣች። ኢሳያስ እንዲህ ከቀጠለች ክረምቱን አትወጣም ይላል። እውነቱን ልንገርዎ አቶ ተድላ፣ አንጀቴን በላችው፤ በእርስዎም ተናድጃለሁ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሲሚንቶው ተነሥቶ ደረቅ አፈር ይደልደልላት፣ ከዝናብ የሚያስጠልላት ጣራ ይሠራላት፣ ጓደኛ እስኪመጣላትም ድረስ ዳማ ይመለስላት። የበጀት ዓመቱ አልቋል እንዳይሉኝ፣ የመጨረሻው ምንም በጀት አይጠይቅም።

የሜዳ አህያ እንቅልፍ ከዕቅድ ውጭ መሆኑን ያስተማሩኝ፣ ለዚህም ውለታ መክፈያ ያጣሁልዎ፣ ቡና ሻጭና የሰነፍ በቅሎ ባለቤት፣
አፀደ ባፈና

ግልባጭ፦
ለዳማ፣ እንዲያውቀው

ማስታወሻ፦ በማቆያው የፌስቡክ ገጽ ላይ "ሚስጥር እንግዶቿን በንቃት ስትጠብቅ" ብላችሁ የለጠፋችሁትን ፎቶ አየሁት፤ አጉልታችሁ ብታዩት ዓይኗ ተጨፍኗል። ስለዚህ መልስዎን ሳልጠብቅ ነገ ጠዋት ዳማን አጥሩ ሥር አስረዋለሁ። ሊያስነሡት ዘበኛ የሚልኩ ከሆነ ግን በቀስታ እንዲመጣ ይንገሩልኝ፤ ተኝታ ትሆናለች።