ማር ይዤ የሄድኩበት ቤት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ወርቅአፈራሁ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ በዚህ ክረምት እንዴት አደረገዎት? የቦንጋ ዝናብ መቼም ቀንና ሌሊት አይመርጥም፤ ጓሮ እንሰቱ ዘንድ ሲወጡ ሲገቡ ጭቃው እንዳይጥልዎ እሰጋለሁ። ባለቤትዎ ጋሽ ሣህሌ ደህና ናቸው? ልጅዎ ነቢዩ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን ወሰደ? ላሟስ ወለደች? ልጄ ሃሌሉያስ እንዴት ናት? ትበላለች? ሳሉ ለቀቃት?

እስከ ዛሬ በጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፣ ወዳጅ አፍርቻለሁ፣ ከሰው ጋር እበላለሁ» ስልዎ ኖሬያለሁ። ዋሽቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የምበላው ብቻዬን ነው። አማርኛ የሚያናግረኝ ሰው የለም፤ የአፍ መፍቻችንን ካፊኖኖንማ ከራሴ ጋር ብቻ ነው የማወራው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤቴ ሲያስነጥሰው እሰማ ነበር፣ ስሙን ግን አላውቅም። አንድ ቀን «ይማርህ!» ብዬ በግድግዳው ጮኽኩለት። ከዚያ ወዲህ አፉን እያፈነ ነው መሰለኝ፣ ማስነጠሱም ቀረብኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዩኒቨርሲቲው ለዶክትሬት ሦስት ዓመት ጨምሬ እንድቆይ መጠየቁን ጽፌልዎ ነበር። እርስዎም «የእንጀራ ገመድህን በገዛ እጅህ እንዳትበጥስ፤ እናቷ ካረፈች ጀምሮ ልጅቷን የያዝኩ እኔ ነኝ፣ አሁንም አለሁላት» አሉኝ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ደግሞ፣ ሊያስቁኝ ብለው ይመስለኛል፣ ሃሌሉያ ጋሽ ሣህሌን «አባዬ» ማለት እንደጀመረች፣ ፎቶግራፌን ሲያሳዩዋት «ይሄ ሰውዬ ማነው?» እንዳለች ጻፉልኝ። አልሳቅኩም፣ እትዬ። መልሴን እስከ ሐሙስ መስጠት አለብኝ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

አሁን የትናንቱን ልንገርዎ። ትናንት ቅዳሜ እኛን የውጭ አገር ተማሪዎች በአውቶቡስ ወደ ገጠር ወስደው የአንድ ጥንታዊ የመኳንንት ቤተሰብ መኖሪያ አስጎበኙን። ማስታወቂያው ላይ «ቤቱ በሩን ከፍቶ ይጠብቃችኋል» ይላል። እኔም የእርስዎ እጅ ያሳደገኝ ሰው ተጋበዝን ብዬ ቁጭ አልኩ! ቦንጋ ያሰፋሁትን ሙሉ ልብስ ለበስኩ። ሰው ቤት ጠግቦ መሄድ ባለቤቱን መናቅ ነው ብለው ስላሳደጉኝ ቁርስ አልበላሁም። ባዶ እጅማ አይኬድም፤ ከላኩልኝ ነጭ ማር የተረፈችኝን የመጨረሻዋን ጣሳ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሌሎቹ ዳቦ ሲገምጡ አይቼ በሆዴ «አይ ያልተቀጡ!» አልኩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? መቶ ሃያ ክፍል ያለው ቤት ነው። ግድግዳው በቀለም ፋንታ ሐር ለብሷል። ጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው ሕጻናት በደመና መሃል ተስለዋል፤ እነሱን ቀና ብዬ ሳይ ከአንዲት ህንዳዊት ተማሪ ጋር ተላተምኩ። አልጋው የራሱ ምሰሶ፣ የራሱ ጣሪያ፣ የራሱ መጋረጃ አለው። አንዱ ክፍል ለመጻሕፍት፣ አንዱ ለሙዚቃ፣ አንዱ ደግሞ ወንዶቹ ከራት በኋላ ሲጋራ እንዲያጨሱበት ብቻ የተሠራ ነው። መኝታ ቤቱ ሳይቀር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የማላውቀው ሰው ጓዳ ገብቼ አልጋውን ማየት አሳፍሮኝ መሬት መሬቱን አየሁ። ወንበሩ ሁሉ ግን በቀይ ገመድ ታጥሯል። ያን ያህል ወንበር ባለበት ቤት ቆሞ መዋል ነው።

የመመገቢያው አዳራሽ ስንደርስ እሰይ አልኩ። ለሃያ አራት ሰው የተሰናዳ ጠረጴዛ፣ የብር ማንኪያ፣ መሃሉ ላይ ወይኑና ፖሙ ተቆልሎ። «ተቀመጡ» እስክባል እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ሰዉ ፎቶ እያነሳ ያልፋል። ጠጋ ብዬ ባየው ፍሬው ሁሉ ከሰም የተሠራ ነው! ሆዴ ጮኸ፣ ሙች እልዎታለሁ።

ከምድጃው ጎን አንዲት ጸጉራቸው ነጭ የሆነ ወይዘሮ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በቃ፣ እመቤቲቱ እሳቸው ናቸው አልኩ። የሚገባው የሚወጣው ሰላም እንኳ አይላቸውም፤ ስለ ሁሉም አፈርኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሳሁ። እንዴት ሰንብተዋል፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ከብቱስ አማን ነው ብዬ ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ አወጣሁ። ከዚያም ማሩን በሁለት እጄ አቅርቤ ከካፋ ጫካ የመጣ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ስለ ግብዣውም አመሰገንኩ።  ከኋላዬ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ።

ሴትዮዋ ፊታቸው ቀልቶ እመቤቲቱ እንዳልሆኑ ነገሩኝ። ሚስስ ዶረቲ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ እንዳይነካ በነጻ ይጠብቃሉ። አይ የኔ ነገር፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! እሳቸው ግን ዘጠኝ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ እንጂ ጤናቸውን የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ አጫወቱኝ። አዳራሹ ውስጥ ምግብ ክልክል ነውና ማሩን እንደ ሌባ ቦርሳቸው ውስጥ ሸሸጉት። ቁርስ አለመብላቴን ሲሰሙም፣ የዕረፍት ሰዓታቸው ሲደርስ ወደ ጓዳ ወስደው ምሳቸውን ከሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ከሰው ጋር ተቀምጬ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። ፍርፋሪውን ሳይቀር ለቅሜ በላሁ።

ከዚያ ሌላው ሰው የማይወጣበትን ላሳይህ ብለው ሦስተኛ ፎቅ አወጡኝ። የልጆች ክፍል ነው። የእንጨት ፈረስ አለ፣ ትንሽ አልጋ ከነትራሷ ተነጥፋለች፣ መስኮቱ ፍርግርግ አለው። ወላጆቹ የት ይተኛሉ ብዬ ጠየቅኩ። እነሱማ ከታች ነው የሚኖሩት፤ ሞግዚቷ ልጆቹን አጥባ አልብሳ በቀን ለአንድ ሰዓት ታወርድላቸው ነበር አሉኝ። ወንዶቹ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላካሉ። ከነሱ አንዱ ለዕረፍት ሲመለስ፣ በር የከፈተለትን አሽከር አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሳመው፤ ለአባቱ ግን እጁን ዘርግቶ «እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ» አለው። ሚስስ ዶረቲ ይህን ሲያወሩ ጎብኚው ሁሉ ይስቃል አሉ። እኔ አባትየው ምን አለ ብዬ ብጠይቃቸው፣ እሱን የጠየቀ የለም፣ የቤቱን ታሪክ የያዘው ወረቀትም ላይ አልተጻፈም አሉኝ።

እኔ ግን አውቃለሁ ምን እንዳለ፣ እትዬ። ምንም አላለም። ምን ይላል? ባለፈው በስልክ ሲያገናኙን የሃሌሉያን ትንፋሽ ብቻ ነው የሰማሁት። በስሟ ጠራኋት፣ አባቷ መሆኔን ነገርኳት፤ ስልኩን መልሳ ለጋሽ ሣህሌ ሰጠች። እኔም «ደህና ናችሁ?» ብዬ ዘጋሁ። አሁን ሦስት ዓመት ብጨምርበት ስምንት ዓመቷ ነው።

ስለዚህ አልቆይም። ነገ ጠዋት ሄጄ አይሆንልኝም እላቸዋለሁ። ይቆጡኝ፣ ሞኝ ይበሉኝ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልቀይርም። ዋጫ ከተማ ያለው የቡና ቢሮ ወንበሬ ይበቃኛል። ጳጉሜ ሳይገባ ቦንጋ እደርሳለሁ፣ ሁለት ሺህ ዓመትን ከእናንተ ጋር እቀበላለሁ።

ለጋሽ ሣህሌ ጉልበት ስሜ ሰላምታ አቀርባለሁ። ልጅቷ «አባዬ» ስትላቸው እንዳትከለክሏት፤ ላሳደጋት ይገባዋል። ነቢዩን በርታ በሉልኝ። ጎረቤታችን እማማ ተሾመችን፣ ስለ እኔ መጸለይዎ ሠርቷል በሏቸው። እርስዎን ዓይንዎን በዓይኔ እስካይ እናፍቃለሁ።

ለሃሌሉያ ግን በወረቀት ሰላምታ አልልክም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የመጣሁ ዕለት «አባትሽ ነው፣ ሳሚው» ብላችሁ እንዳትገፏት። ከፈለገች ትሽሽ፣ ከቀሚስዎ ኋላ ሆና ትየኝ። እኔ ደጅ በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ሳምንትም ይፍጅ፣ ወርም ይፍጅ፣ እስክትመጣ እጠብቃታለሁ፤ ከእንግዲህ የትም አልሄድም።

ታናሽ ወንድምዎ ከፈለኝ
ሬዲንግ፣ እንግሊዝ አገር
እሑድ ሰኔ 17 ቀን 1999 ዓ.ም.