ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ

መጋቢት 3
በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፊቴን የምቀባው ለቁንጅና አይደለም። በስድሳ ሦስት ዓመቴ ማን ሊያየኝ? የበጋው ፀሐይ ጉንጬ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶብኝ ነበር፤ ቅባቱ አጠፋልኝ። በቃ።
ዛሬም እንደ ወትሮው አንድ ሰዓት ላይ ታጠብኩ፣ ተቀባሁ፣ አትክልቶቹን አጠጣሁ። ረፋዱ ላይ ገበያ። ስመለስ የእህቴ ልጅ በር ላይ ቆማ ሳቀች።
“አክስቴ፣ ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው? ፊትሽ እኮ ፍም መስሏል!”
“ሙቀት ነው” አልኳት።

መጋቢት 6
ያቃጥላል። ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች። በማጉያ መነጽር ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ። ቅባቱን ጨመር አደረግኩ።

መጋቢት 9
የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ናት። አጠያየቋን ወደድኩት፤ አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትዘልም።
“እናቴ፣ ፊትዎን ምን ይቀባሉ?”
“ምንም። ፀሐይ ነው።”
ዋሸሁ። ምን ነካኝ?
“ፀሐይ ብቻውን ቆዳን እንዲህ አያደርገውም” አለችና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ‘የቤት ሥራ ደብተሬን ረሳሁት’ የሚለኝን ተማሪ እኔም እንዲህ ነበር የምጠብቀው... ብልቃጡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጎኑን አየች፣ ክዳኑን አየች፣ ገለበጠችው።
“ስሙስ?”
“የለውም። የመዋቢያ ሱቋ ሴትዮ ራሷ ነች የምታዘጋጀው። ከፀሐይ ይከላከላል አለችኝ።”
“አይከላከልም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሸጥ መድኃኒት የተቀላቀለበት ይመስላል። ቆዳ ያሳሳል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ፀሐይ አይችልም።”
ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። ስም ያልተጻፈበት የፈተና ወረቀት አላርምም ነበር። ዜሮ። ቢያለቅሱም ዜሮ። ስም ለሌለው ብልቃጥ ግን አራት ወር ሙሉ ፊቴን ሰጠሁት።
ለቁንጅና አይደለም ብዬ ጽፌ ነበር? ለቁንጅናም ነበር እንጂ። ነጠብጣቡ ከጠፋም በኋላ ፊቴ እየፈካ መቅላቱን ሲቀጥል ደስ ብሎኝ ነበር። “ምን ተቀብተሽ ነው?” ሲሉኝማ...

መጋቢት 10
ሐኪሟ ያዘዘችልኝን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ገዛሁ። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ለፊትና ለአንገት፤ ጆሮ አይረሳም። ደጅ ከዋልኩ በየሁለት ሰዓቱ እንደገና። ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ሥር። ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣም ታዞልኛል።
የእህቴ ልጅ ባርኔጣውን አየችና “አክስቴ፣ ዝናብ ሲመጣ እኔንም ታስጠልይኛለሽ” አለች። ሳቅሁ። ስስቅም ያቃጥላል።

መጋቢት 11
መሳቢያ ሳስተካክል አገኘሁት። የገዛ እጅ ጽሑፌ። “የቅባቱ አጠቃቀም”። ተራ ቁጥር ያለው፣ በማስመሪያ የተሰመረ። በካርቦን ገልብጬ ከቅባቱ ጋር ለሁለት ሰው አድዬዋለሁ። “ጧትና ማታ፣ ሳይቋረጥ” የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።
 

መጋቢት 12
አንዷ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። እንደ ምንም ብዬ ነገርኳት።
“ውይ ቲቸር! እኔ እኮ ለተረከዜ ነው የጨረስኩት! ፊቴንማ ማን ያየዋል፣ ደንበኛ የሚያየው መርፌዬን!”
ወረቀቱን መለሰችልኝ። የመቀስ መያዣ አድርጋው ነበር። በሕይወቴ ትእዛዜ ባለመከበሩ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።
ሁለተኛዋ ግን ኮምፓስ ናት። አብራኝ ታስተምር የነበረችው የሒሳብ መምህር። ሰሌዳ ላይ ክብ በባዶ እጇ እንከን የሌለው አድርጋ ስለምትሥል ነው ስሙ የወጣላት። ጡረታ ወጥታ ወንድ ልጇ ዘንድ ስትሄድ ሦስት ብልቃጥ ከወረቀቱ ጋር ሰጥቻታለሁ። አሁን መንገድ ዳር ፍራፍሬ ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ።
ባለፈው ወር ደብዳቤዋ ምን ይላል? አወጣሁት። “እንዳልሽኝ አንድም ቀን አላቋረጥኩም። አንቺ የጻፍሽውን ማን ይጠራጠራል?”

መጋቢት 13
ስልኳ አይሠራም። አምስት ጊዜ ሞከርኩ።

መጋቢት 15
ደብዳቤ ጀመርኩ። “አንዳንድ ቅባቶች ጉዳት አላቸው ሲባል ሰማሁ...” ሰማሁ? ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ ጥፋቱን ሁሉ ለሱቋ ሴትዮ አሸከምኳት። እሱንም ቀደድኩት።
ሐኪሟ ዘንድ ተመልሼ ስለ ኮምፓስ ጠየቅኋት። “ድንገት ሲቆም ሊብስ ይችላል። ሐኪም እያያት ነው ማቆም ያለባት። አይዘግዩ” አለችኝ።
እኔ ግን ቃላት እየመረጥኩ ሁለት ቀን አጠፋሁ። ለማን ክብር ብዬ?

መጋቢት 16
ዛሬ ላክሁት። ከወረቀቱም አንድ ቅጂ አያያዝኩበት፤ ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰርዤ፣ አናቱ ላይ ሙሉ ስሜን ጽፌ። የደብዳቤውን ግልባጭ እዚህ አኖራለሁ።
“ኮምፓስዬ፣ የሰጠሁሽ ቅባት ፊት ይጎዳል። የእኔን ጎድቶታል። ምን እንዳለበት ሳልጠይቅ ነው ‘ሳይቋረጥ’ ብዬ ያዘዝኩሽ። ፊቴ ሲቀላ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያንንም ደብቄሻለሁ። ብልቃጡን ይዘሽ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ እንዴት እንደምታቆሚው እዚያ ይነግሩሻል። እስከዚያው ሰፊ ባርኔጣ አድርጊ፤ ጠረጴዛሽንም ወደ ጥላ አስጠጊው። ብትቆጪኝ አልፈርድብሽም። ብቻ ፊትሽ እንዴት እንደሆነ፣ እንዳለ፣ ሳታሳምሪ ጻፊልኝ። ይህ እንደደረሰሽ፣ በዚያው ቀን፣ እባክሽ መልሺልኝ።”